አምስቱ የጠፉት ፊደላት

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ወደ ታፔላ ሠሪው ሱቅ የገባችው ለአሥር ደቂቃ ብላ ነበር። ያውም ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣ ያለ ጃንጥላ። አያቷ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ብርዱ!» ማለታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

የፈለገችው ቀላል ነገር ነው፤ ፎቅ ላይ ለምታስተምርበት ክፍል በር የሚሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ታፔላ። ታፔላ ሠሪው ግን እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ራሱን ነቀነቀ።

«ፊደል አልቆብኛል፣ ቲቸር።»

«ፊደል ያልቃል እንዴ?»

ያልቃል። ተቆርጠው የተዘጋጁ የፕላስቲክ ፊደላት በካርቶን እኩል እኩል ሆነው ነው የሚመጡት፤ ከየዓይነቱ ሃያ። እንግሊዝኛ ደግሞ ያለ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ አንድ እርምጃ አይሄድምና፣ ሌሎቹ በቅጡ ሳይነኩ አምስቱ አናባቢዎች ያልቃሉ። የተረፉት፣ እናታቸው ጥላቸው እንደወጣች ልጆች፣ መደርደሪያው ላይ ተኮልኩለዋል።

«አዲስ ካርቶን እስኪመጣ እነዚህ ሥራ ፈት ናቸው» አላት።

መምህርት አይደለች፤ አላስቻላትም። «ማን ነው ሥራ ፈት!» ብላ ሦስት ፊደል አነሳችና ባንኮኒው ላይ ደረደረች። «ስካይ። ሰማይ ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱም የለበትም።»

ፊደላቱን አያቸው። ከዚያ እሷን አያት፤ እሷን ሲያይ ግን ትንሽ ቆየ።

«ሌላስ አለ?»

«ሞልቷል! ነገ አንድ አመጣልሃለሁ።»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በማግስቱ «ፍላይ» አመጣች፤ መብረር። በሦስተኛው ቀን «ድራይ»፤ ደረቅ። እሱም ዝናብ የመታውን ሻርፗን ወንበር ላይ አሰጣላት። «ሪትም» ያመጣች ዕለት ባንኮኒውን በእርሳሱ እየመታ ትከሻዋን አስነቀነቃት። ያመጣችውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ምሳዋን እዚያው ትበላለች፤ በሳቅ መሃል ምሳው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ምግብ ለሆድ እንደማይስማማ የሚነግራት የለም።

አያቷ ግን ልጅ አሳድገዋልና ነገሩ ሸተታቸው።

«ይሄ ካርቶን በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ይመጣል፣ እምዬ።»

«አምስቱ ከሌሉ ቃሉ እንዴት ይነበባል?»

«ዋይ የምትባል ፊደል ትሸፍንላቸዋለች።»

«ስሟ ራሱ ለቅሶ ነው! ፈራሁልሽ ልጄ።»

እሷም ፈርታ ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ትምህርት ቤት ሥራ ሰጥቷት፣ እስከ ዓርብ መልሷን ይጠብቃል። ለታፔላ ሠሪው ስትነግረው «ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ይላሉ» አለና አቀረቀረ። «አትሂጂ» የምትል አንዲት ቃል ነበር የጠበቀችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል ያመላለሰችለት ሰው አንዲት ቃል ነፈጋት።

ሐሙስ ዕለት መሰላል ላይ ሳለ እርሳሱ ወደቀበት። ልታነሳለት ባንኮኒው ሥር ስታጎነብስ ካርቶኑን አየችው። ተከፍቷል፤ ፊደላቱ፣ አምስቱም አናባቢዎች ሳይቀሩ፣ እስከ አፉ ሞልተውታል። የመጣበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

«ስትቀልድብኝ ነው የከረምከው?»

ከመሰላሉ መውረድ ጀመረ፤ እሷ ግን አልጠበቀችውም። በሩን ወርውራበት ወጣች፤ ሻርፗን እንኳ ረስታ፣ በዚያ ንፋስ።

ቤት ገብታ አለቀሰች። አያቷ እንባዋን በመዳፋቸው ጠረጉላት። «በፊደል የዋሸ በትዳርም ከመዋሸት አይመለስም። ነገ ደውዪና ሥራውን እሺ በይ።»

አሉ እንጂ ሆዳቸው አልቻለም። ዓርብ ጠዋት «ሻርፕሽን ላምጣ» ብለው ወጡ።

አንድ ሰዓት ቆዩ። መምህርቷ ስልኩን እያነሳች እየመለሰች ጠበቀቻቸው። ሲመጡ ታፔላ ሠሪው ሻርፑን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ካርቶኑን አቅፎ ከኋላቸው ቆሟል።

«ለኔ ያልከኝን ለሷ በላት!» አሉ አያት። «እኔን ምን ያደርግልኛል!»

«ታፔላሽን ከጨረስኩ የምትመለሺ አልመሰለኝም» አለ ዓይኑን ከካርቶኑ ሳያነሳ። «ለዚያ ነው የደበቅኩት።»

«አትሂጂ የሚለውንስ? እሱንም ካርቶን ውስጥ ከተትከው?»

«ትልቅ ሥራ ነው ብዬ… እንቅፋት እንዳልሆንብሽ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ አያት፤ «ዝም ባለ ሰው ቤት ደግሞ ሚስት አትገባም!»

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። «እሺ፣ አሁን አናባቢዎቹ አሉህ። ምን ልትጽፍ ነው?»

ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ፊደላቱን አገላበጠ። ኋላ ተስፋ ቆርጦ ቀና አለ።

«የምፈልገው እዚህ ውስጥ የለም። በአፌ ልበለው። አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

መምህርቷ ስልኩን አነሳች። «ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ልሥራ ብያለሁ» ስትል ዓይኗ ከእሱ ላይ አልተነቀለም።

ታፔላው በዚያው ቀን ተሰቀለ። መሰላሉን ከሥር የያዘችው እሷ ናት፤ አያቷ ደግሞ እሷን ከኋላ ይዘዋታል።

«ተዋደዱ፣ ማን ከለከላችሁ» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ግን ምሳ በሰዓቱ! አንተም ቀስ ብለህ ውረድ፤ ልጄን የሰጠሁህ እግርህ ደህና ሳለ ነው።»