የጥበቃው ዱላ

ላሟ የድንጋይ እርከኑን ተሻግራ ስትገባ አርሴማ አልተነሣችም። የጥበቃው ዱላ ጭኗ ላይ ነበር።

ጋራው ከተከለለ አራተኛ ዓመቱ ነው። ከብት አይገባበትም፤ እንጨት አይቆረጥበትም። ሣሩ በኅዳር ይታጨድና ለየቤቱ በዕጣ ይከፋፈላል። ጥበቃውም በተራ ነው፤ ተረኛው ቤት ሲጠብቅ ይውልና ማታ ዱላውን ለቀጣዩ ቤት ያስረክባል። ሲያስረክብ «የገባ የለም» ይላል። ከብት ያስገባ ቤት የዚያን ዓመት ሣር አያገኝም።

ዛሬ ተራው የእነአርሴማ ነበር። ላሟም የእነሱ ናት።

ጠዋት እናቷ ደብሪቱ የሰኔው ዝናብ እንደቀረ፣ ጭዱ እንዳለቀ፣ ላሟም ልትወልድ እንደተቃረበች ነግራታለች። አርሴማ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እናቷ ዋናውን ነገር ማውጣት ከብዷት እንደነበርም ገብቷታል።

«ዛሬ የምንጠብቀው እኛው ነን» አለቻት በመጨረሻ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። «ለአንድ ቀን ነው። ደክሞኛል፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ የክፍሏ ልጆች ከአምበር ትምህርት ቤት ሲመለሱ ከጋራው ሥር ባለው ምንጭ ውኃ ሊጠጡ ቆሙ። ላሟ ከቁጥቋጦው ኋላ ስለነበረች አላዩዋትም።

«ዘበኛዋ፣ መታወቂያ እናሳይ ወይስ ይፈትሹናል?» አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ፍቅርአዲስ።

«ይለፉ» አለችው። ሳቁ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች።

ያ ምንጭ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ደርቆ ነበር። የተመለሰው ጋራው ሣር ከያዘ ወዲህ ነው። መምህራቸው ዓለም እየሞቀች፣ የዝናቡም ወቅት እየተዛባ እንደሚሄድ፣ ሣርና ዛፍ ያለው መሬት ግን የዘነበለትን ይዞ እንደሚቆይ አስተምረዋቸዋል። ለፈተና ሸምድዳዋለች። አሁን ልጆቹ በየተራ እያጎነበሱ ሲጠጡ አየች። ውኃው ቀጭን ነው፤ ግን አለ።

ልጆቹ ሲሄዱ ወደ ላይ ወጣች። ላሟ ከላይኛው እርከን ደርሳ የአንዱን የወይራ ችግኝ ጫፍ ቀርጥፋለች። እርከኑን የጀመረው ሟቹ አባቷ ነው። የጨረሱት ሌሎች ናቸው፤ የድንጋዩ አደራደር ከመሐል ጀምሮ ይለያል። ቤት ውስጥ ስለዚህ እርከን አይወራም።

አርሴማ ቁጢጥ ብላ ችግኙን በጣቷ ነካ አድርጋ ተነሣች። ላሟን እየነዳች አስወጣቻት። ላሟ መውጣት አልፈለገችም፤ ደጋግማ ዞራ አየቻት።

ሲመሽ ዱላውን ይዛ ወደ ቀጣዩ ተረኛ፣ ወደ ጎረቤታቸው አያ ዘመነ ቤት ሄደች። ደጃፋቸው ላይ የታሰሩት በሬዎች የጎን አጥንታቸው ይቆጠራል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱላውን ያዙ። እሷ ግን ገና አልለቀቀችም።

«የገባ የለም?» አሉ እንደ ልማዱ።

የኅዳር ሣር ታሰባት። ያልተወለደው ጥጃ ታሰባት።

«ገብቷል» አለች። «የእኛ ላም ናት።»

አያ ዘመነ ዱላውን እንደያዙ ጠየቋት። «እናትሽ ይህን መናገርሽን ታውቃለች?»

«አሁን ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ሣሩ ይቀርባችኋል እኮ።» ዓይናቸው በሬዎቻቸው ላይ ነበር። «አልሰማሁም ልበል?»

አርሴማም በሬዎቹን አየች። ነገ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው።

«ሰምተዋል፣ አያ ዘመነ» አለች ቀስ ብላ፤ ዱላውንም ለቀቀችላቸው።