ለደሳለው ያለብኝ ቀን

ይህን ጽሑፍ ለጠፈ ተብሎ ከላይ የምታዩት የወንድ ስም ነው። እኔ ግን ሴት ነኝ። ትርሲት በላይነህ እባላለሁ።

ስሙ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ይህ ነገር ሌሊት ሆኖ ቢሆን አልነግራችሁም ነበር። ሌሊት የሆነውን ሁሉ ህልም ነው ትላላችሁ። የሆነው በቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ።

አባቴ በቦታው ነበር። ወፎችም ነበሩ። ምስክር የሚፈልግ ካለ ወፎቹ ይሻሉታል።

መጀመሪያ ስለ ማማው ልንገራችሁ።

ከወረታ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ አገሩ ሜዳ ነው። ሩዙ ሲያፈራ ወፍ እንዳይጨርሰው አራት ግንድ እንተክላለን፣ ከላይ እንጨት እንረበርባለን፣ ሣር እንከድናለን። ያ ነው ማማ። አንድ ሰው ወንጭፉን ይዞ መሰላል ይወጣና ሲጮህ ይውላል።

በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

ኔትወርክ የሚገኘውም እዚያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ማማው ትምህርት ቤቴም ሆነ።

አሥራ ሁለተኛን ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ከክፍላችን ያለፈው ሁለት ሰው ስለሆነ ብዙም አላፈርኩ። ከዚያ በስልክ የሚሰጥ የሁለት ወር የኮምፒውተር ኮርስ አገኘሁ። ያለፈ ሰው ባሕር ዳር ሥራ ይቀጠራል። ትምህርቱ በየቀኑ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው፣ ካሜራ ተከፍቶ። ከአምስት ቀን በላይ የቀረ ግን የመጨረሻውን ፈተና አይፈተንም።

እኔ አራቱን ቀን አስቀድሜ ጨርሼው ነበር። አንዱን ዝናብ፣ ሁለቱን ኔትወርክ፣ አንዱን የጠፋ በሬ።

ይህን ኮርስ ካላለፍኩ ዕድሜ ልኬን ማማ ላይ ነኝ። እንደዚያ ነበር የማስበው።

መምህሩ አድማሴ ይባላል። የመጀመሪያው ቀን እንዴት ማጥናት እንዳለብን መከረን። ቋሚ ሰዓት ያዙ አለ። ቋሚ ቦታ ያዙ። የሰማችሁትን በእጃችሁ ጻፉ። ስታጠኑ ስልካችሁን አርቁ... ትምህርት ቤቷ ስልኳ የሆነባትን ሰው አላሰበም።

ከሁሉም በላይ ግን የጥናት ጓደኛ ያዙ አለ።

«ብቻውን የሚያጠና ሰው ይሰምጣል» አለ።

ለእኔ የደረሰኝ ደሳለው የሚባል ልጅ ነው። የእኛው አገር ሰው ነው፤ ከታች፣ ከሐይቁ በኩል።

እውነቱን ልናገር... እንደ እሱ ያስጠናኝ ሰው የለም። በየማታው ከማማው ከመውረዴ በፊት «ደብተርሽን ዝጊና የተማርሽውን ንገሪኝ» ብሎ ይጽፍልኛል። የረሳሁትን ቆጥሮ ይነግረኛል። በሦስተኛው ቀን ያንኑ መልሶ ይጠይቀኛል። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ያልገባኝ ነገር ገባኝ።

አንዳንድ ነገር ግን ነበረው።

ካሜራው ሲከፈት ቡናማ ነው። ፊት የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ቡናማ ብቻ። ስልኩ ርካሽ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወረታ ሙሉ ኔትወርክ ሲጠፋ የእሱ አረንጓዴ ነጥብ አይጠፋም። ጥሩ ቦታ አለው ብዬ አለፍኩት።

በየቀኑ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቀኛል።

«እናንተ ጋ ውሃው ሸሸ?»

የክረምቱን ጎርፍ ማለቱ ነው፤ ጥቅምት ላይ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር እያስገባ።

«ከሸሸ ቆየ እኮ» እለዋለሁ።

«እህ» ይላል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የእትዬ ገላነሽ ሩዝ ቀድሞ ደረሰ። ጎረቤታችን ናቸው፤ በሐምሌ ሦስት ቀን በወንፈል አርመውልናል። ወንፈል ለማታውቁ... አንተ ለእኔ አንድ ቀን ትሠራለህ፣ እኔም ለአንተ አንድ ቀን እሠራለሁ። በቃ። ቀኑን የሚመርጠው ባለማሳው ነው። ሲጠራህ ትሄዳለህ። ታምሜያለሁ ብትል ወንድምህን ትልካለህ። ብትሞት ልጅህ ይሄዳል።

እናም ሦስት ቀን አጨዳ ተጠራሁ። ሦስት ቀን ከቀረሁ ደግሞ ፈተናው ቀረ።

ለደሳለው ጻፍኩለት።

«ነገ ክፍል መግባት አልችልም። ወንፈል አለብኝ።»

«ስንት ቀን?»

«ሦስት። በእኔ ስም ግባልኝ። እኔም ሌላ ጊዜ በአንተ ስም እገባለሁ።»

ብዙ ቆየ። እየጻፈ ነው ይላል... ይጠፋል... እየጻፈ ነው ይላል።

«በወንፈል?»

ሳቄ መጣ። የገበሬ ልጅ መሆኑ ደስ አለኝ።

«በወንፈል» አልኩት። የይለፍ ቃሌንም ላክሁለት።

ካሜራ ተከፍቶ በእኔ ስም እንዴት ሊገባ እንደሚችል አልጠየቅሁም። የሚያግዝህን ሰው ማጭዱን ከየት አመጣኸው አትለውም።

የመጀመሪያውን ቀን አጭጄ ማታ ስገባ አባቴ እግሩን ይታጠብ ነበር።

«ዛሬስ ጎበዝሽ» አለኝ።

«ምን አደረግሁ?»

«ቀትር ላይ ከማሳው ግርጌ አየሁሽ። አጎንብሰሽ ትጽፊያለሽ። አንዴም አልጮህሽ። ወፍም አንድ አልወረደ።»

«እኔ እኮ እትዬ ገላነሽ ማሳ ነው የዋልኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«በይ ተኚ፣ ደክሞሻል።»

አባቴ ያልገባውን ነገር ሁሉ በድካም ነው የሚያልፈው።

በአራተኛው ቀን ማማው ላይ ወጣሁ። ደብተሬ ሣሩ ውስጥ እንደተሸጎጠ ነው። ገለጥኩት።

የሦስቱም ቀን ትምህርት ተጽፏል። በእኔ እጅ ጽሑፍ። ስጣደፍ መስመር የምለቅበት እንኳ ሳይቀር።

ወረቀቱ ግን ርሶ የደረቀ ነበር። ተኮማትሯል። ዝናብ ካየን ወር አልፎናል።

የተቀዳውን ትምህርት በስልኬ ከፈትኩ። ስሜ ካለበት ሳጥን ውስጥ ሴት ተቀምጣለች። የእኔ ሻሽ። የእኔ ማማ። አጎንብሳ ትጽፋለች፤ ፊቷ አይታይም።

«ትርሲት፣ እስቲ አንቺ መልሺው» አለ መምህሩ።

መለሰች። በእኔ ድምፅ።

ከእኔ የተሻለ መለሰች።

ስልኩ ነዘረ። ደሳለው ነው።

«ወንፈሌን መልሺ። ከዛሬ ጀምሮ።» ከሥሩ የይለፍ ቃሉ አለ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ቀትር ላይ ውሃ ዳር አትቁሚ ትለኝ ነበር። ስልክ ዳር ስለመቆም ያለችኝ ነገር የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን በእሱ ስም ገባሁ። እኔ አንድ ቀን ብቀር አምስት ይሞላል እንጂ አያልፍም ብዬ።

መምህሩ ስም ጠራ።

«ትርሲት?»

«አለሁ» አለች አንዲት ሴት።

እኔ አፌን አልከፈትኩም።

«ደሳለው?»

«አ... አለሁ።»

ፊቴን ለካሜራው ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ይህች ሴት ናት ያለ ሰው የለም። ሳጥኔን አየሁ። ከኋላዬ ሩዝ መታየት ነበረበት።

ከኋላዬ ውሃ ነው። ቡናማ። እስከ ሜዳው ጫፍ።

ዞርኩ። ሩዝ ነው።

ወደ ስልኩ ተመለስኩ። ውሃ ነው።

በማግስቱም ገባሁ፤ በእኔ ስም አለሁ የምትል ስላለች የቀረ ቀን አልተቆጠረብኝም። በስልኩ ላይ ውሃው ከመሰላሉ ሦስት እርከን ወጥቶ ነበር። ወፎቹ ዝም ብለዋል። እኔ አልጮኽኩም፣ ግን ሩዙ ላይ አይወርዱም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ደሳለው ጻፈ።

«ሦስተኛውን በፈተናው ቀን እፈልገዋለሁ።»

«እኔም እኮ የምፈተነው ያን ቀን ነው። ሌላ ቀን ምረጥ።»

«ቀን የሚመርጠው ባለማሳው ነው።»

ወደ እትዬ ገላነሽ ሄድኩ። ነዶ እየከመሩ ነበር።

«እትዬ፣ ከታች በኩል ደሳለው የሚባል ተማሪ ያውቃሉ?»

«የጋሽ ደሴን ልጅ? ነፍሱን ይማረውና።»

«ሞቷል እንዴ?»

«ያ የካቻምና ጎርፍ የወሰደው» አሉ። «ውሃ መጣ ሲባል አገሩ ሁሉ ወደ ከፍታ ወጣ። እሱ ማማ ላይ ስልኩን ይዞ ቀረ። እናቱ ውረድ ስትለው፣ ትምህርቴን ልጨርስ አላት። በጠራራ ፀሐይ እኮ ነው። ማማውን አገኙት... እሱን አላገኙትም።»

«እትዬ... የሞተ ሰው ወንፈል ይቆጥራል?»

ነዶውን አስቀመጡ።

«ስንት ቀን ገባልሽ?»

«ሦስት።»

«ስንት መለስሽ?»

«ሁለት።»

ከዚያ ነዶአቸውን አነሱ።

«አንዱን ቀን ብትከለክይው በአንድ ቀን የሚበቃው እንዳይመስልሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ሂጂ አሁን። እኔ ምንም አልሰማሁ።»

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ለሞተ ሰው ልፈተን ወይስ ለራሴ?

ለራሴ አልኩ። እናንተም ብትሆኑ ለራሳችሁ ነው የምትሉት።

የፈተናው ቀን ከአምስት ሰዓት ጀምሬ ማማው ላይ ነበርኩ። አባቴ ከታች መውቂያ አውድማ ይደለድላል። የደሳለውን መልእክት አልከፈትኩም። ልክ በስድስት ሰዓት የራሴን ስም አስገባሁ።

«ይህ ተፈታኝ ገብቷል» አለኝ።

እንደገና ሞከርኩ።

«ይህ ተፈታኝ ገብቷል።»

ስልኩ ነዘረ።

«የአንቺ ተይዟል። የእኔ ግን ክፍት ነው።»

መምህሩን የማገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። በእሱ ስም ገብቼ ልንገረው አልኩ። ገባሁ።

«መምህር፣ እኔ ትርሲት ነኝ። ያቺ እኔ አይደለሁም።»

መምህሩ ቀና አላለም።

«ደሳለው፣ ፈተና ላይ ማውራት ክልክል ነው።»

ትርሲት በሚለው ሳጥን ውስጥ ሴትዮዋ ትጽፋለች። ከኋላዋ ሩዝ ይታያል። ደረቅ፣ ቢጫ ሩዝ።

በእኔ ሳጥን ውሃው ርብራቡን ነክቷል።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

ፊቷ የእኔ ነው። ደስ ብሏታል። እኔ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ከታች ተጣራ።

«ትርሲት... ጨረስሽ?»

አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ጨረስኩ አባዬ፣ መጣሁ» አለ ድምፄ። ከመሰላሉ ላይ።

ዞር ስል ሻሿ ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። አንድ እርከን... አንድ እርከን... ከዚያ የእግር ኮቴ በደረቅ መሬት ላይ።

ተከትዬ ልወርድ እግሬን ሰደድኩ።

ቀዘቀዘኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ረጠበ።

ያ ኅዳር መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ታኅሣሥ ነው።

ትርሲት አልፋለች። ዘጠና አራት አምጥታለች። አባቴ ሻንጣዋን ተሸክሞ ወደ ወረታ መናኸሪያ ሲሸኛት ከላይ ሆኜ አየኋቸው። መንገዱን ሁሉ ይሳሳቁ ነበር። ሌላ ነገር ቢጠረጥር «ደክሞኛል» ብሎ ያለፈው ይመስለኛል።

ሩዙ ታጭዷል። ማማውንም አባቴ ራሱ አፍርሶ እንጨቱን ቤት ካስገባው ሃያ ቀን ሆኖታል።

እኔ ግን ከማማው አልወረድኩም።

የስልኬ ባትሪ አያልቅም። ኔትወርክም አይጠፋም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ይከፈታል፤ ስም ይጠራል፤ ደሳለው ሲባል አለሁ እላለሁ። ውሃው ጉልበቴ ላይ ነው።

ትናንት አባቴ በሬዎቹን እየነዳ ከሥሬ አለፈ። ጠራሁት። ቆመ። ማማው ወደነበረበት ባዶ ሰማይ ቀና ብሎ ብዙ አየ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ። ወንጭፉ ላይ አስቀመጠው።

«እሽ» አለና ወፍ እንደሚያባርር ወረወረብኝ።

አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ይቀረዋል። አንብባችሁ እዚህ ከደረሳችሁ ማጥናት የምትወዱ ሰዎች ናችሁ።

ነገ በስሜ የሚገባልኝ አለ? አንድ ቀን ብቻ ነው።

በወንፈል።