ግማሽ ሰዓት ውሃ

ማክሰኞ ዕለት ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። ልጅቱ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ አንድ ጉንጯ አብጦ፣ ስድስት ሳሙና በካርቶን ይዛ ጸጉር ቤቱ ገባች።

ጸጉር አስተካካዩ የአንድ ወፍራም ደንበኛውን ጺም ሊላጭ ፎጣ እያሰረለት ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አያት። እሷም አየችው። 

«የመላጫ ሳሙና ነው። እቤቴ ነው የምሠራው» አለች።

«ከንፈርሽን ምን ነካው?»

ሌላ ሴት ብትሆን በሩ ነው፣ ደረጃው ነው ትል ነበር። እሷ ግን «ወንድሜ» አለች።

ሌላ አልጠየቃትም። አንዱን ሳሙና ወሰደ፣ በብሩሽ አረፋ አወጣና የደንበኛውን ጉንጭ ቀባ። ምላጩን ሳያነሳ ሰውየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ኧረ አቃጠለኝ! አንተ ሰውዬ፣ ልትላጨኝ ነው ልትጠብሰኝ?»

ልጅቱ ካርቶኑን ጥላ ሮጠች፤ የሰውየውን ፊት በራሷ እጅ በውሃ ደጋግማ አጠበች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ እውነቱን ተናገረች። የደረሱ አርባ ሳሙናዎች ነበሯት። ማታ ወንድሟ ግቢው ውስጥ በትኖ ከጭቃ ጋር ረጋገጣቸው። እነዚህ ገና ሦስት ቀናቸው ነው።

«ሳሙና ስድስት ሳምንት ካላረፈ ቆዳ ይበላል። አውቃለሁ። ግን ባዶ እጄን መምጣት አቃተኝ።»

«እና እኔ ላይ ሞከርሽዋ!» አለ ደንበኛው ቀይ ጉንጩን ይዞ።

ጸጉር አስተካካዩ ሳቁ አሸንፎት ተቀመጠ። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ የተሰነጠቀ ከንፈሯን መልሶ አደማው። ንጹሕ ፎጣ አንስቶ በጫፉ ቀስ አድርጎ ያዘላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አረፋ» ብሎ ይጠራት ጀመር።

አባቷ ከሞቱ ወዲህ የቤቱ አዛዥ ወንድሟ ነበር። ጎማ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ከአፉ ይቀድማል። እህቱን ለሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ሊድራት ቃል ሰጥቷል። እንቢ ባለች ቁጥር ይመታታል። ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው እናቷ ከጓዳ ሆነው «ኧረ ተው ልጄ! ኧረ በአባትህ!» ይላሉ። እሱ አይሰማም።

ቅዳሜ ጋራዡ ሥራ ስለሚበዛበት ወንድሟ ቤት አይውልም። ጸጉር አስተካካዩ ሳሙና ሊማር ቤቷ የመጣው ቅዳሜ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ጺም መላጨቱ አልበቃህም?» አሉት እናቷ።

«ደንበኛ እየጠበስኩ እስከ መቼ እኖራለሁ፣ እማማ?»

እናቷ ሳቁ። እዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል።

«መጀመሪያ ጓንት፣ መነጽር፣ ከዚያ መስኮቱን ክፈት» አለችው አረፋ። «የአሉሚኒየም ድስት እንዳታስጠጋብኝ፤ ኮስቲክ ሶዳው ይበላዋል። ሁሉም ነገር በሚዛን ነው፤ በዓይን ግምት የለም። ኮስቲኩን ቀስ እያልክ ውሃው ላይ ትነሰንሳለህ። ውሃ ኮስቲኩ ላይ አይፈስም። ፈልቶ ፊትህ ላይ ይዘልብሃል።»

«ዓይን ውስጥ ቢገባስ?»

«ውሃ። ዝም ብሎ ውሃ። ኮምጣጤ ምናምን እንዳትል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቧንቧው አይዘጋም።»

«ግማሽ ሰዓት? ሰውየው ይሰምጣል እኮ!»

«ይስመጥ። ዓይኑ ይተርፋል።»

የኮኮናትና የወይራ ዘይቱን ከኮስቲኩ ውሃ ጋር ቀላቅለው ተራ በተራ አማሰሉ። ማንኪያው ያለፈበት መስመር ሳይጠፋ ሲቀር «ያዘ» አለች። እጁ እጇን ነካው፤ ጓንት ለጓንት። ሁለቱም ማማሰሉን አላቆሙም።

በማግስቱ አርባ ቦታ ቆርጣ መደርደሪያ ላይ ደረደረችው። እሱ በመጣ ጊዜ የሚደርስበትን ቀን መደርደሪያው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈ፤ ስድስተኛው ቅዳሜ።

«የዚያን ቀን ሳሙናውንም አንቺንም ይዤ እሄዳለሁ።»

«እናቴስ?»

«እሳቸውንም ነዋ። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም።»

አረፋ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳሙናዎቹን እያገላበጠች ቀን ቆጠረች። በመሃል ሁለት ጊዜ ተመታች። አንድ ጊዜ ጣቷ ተሰበረ። «ዛሬ እንሂድ» ቢላት፣ ለእናቷ አልጋ የሚሆን ክፍል እስኪጸዳ ታገስ አለችው። ይህን ማለቷን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ቀኑ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እሷና ጸጉር አስተካካዩ ሳሙናዎቹን በወረቀት እየጠቀለሉ ሳለ ወንድሟ በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ። እህቱ ልትሄድ መሆኑን ጋራዥ ውስጥ አንድ ሰው ነግሮታል።

«ይሄ ጺም ላጪ ነው የእኔን እህት የሚወስደው?»

«ወንድም ጋሼ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር...»

አላስጨረሰውም። አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ሲወድቅ በሥራ ጫማው ግራ ጎኑን ረገጠው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር ሲሰበር አረፋ ሰማች። የወንድሟ ጀርባ ላይ ዘላ ተንጠለጠለች፤ አሽቀንጥሮ መደርደሪያው ላይ ወረወራት። ሳሙናው እላይዋ ላይ ዘነበ።

«ያጠገበሽ ይሄ ነው! ሁለተኛ እንዳትሠሪ አደርግሻለሁ!»

የኮስቲኩን ቆርቆሮ ከፈተ። እንደ ጨው የሚያሟሟው መስሎት አንድ ባልዲ ውሃ ላዩ ላይ ገለበጠበት።

ቆርቆሮው እየጮኸ ፈላ። ነጭ እንፋሎት ተነሳ፤ የፈላው ፊቱ ላይ ዘለለ። ወንድሟ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ እንደታረደ በሬ ጮኸ።

አረፋ ቆማ አየችው። ይቃጠል አለች በልቧ። እግሯ አልተንቀሳቀሰም።

የተንቀሳቀሰው ጸጉር አስተካካዩ ነበር። ከወለሉ ተነስቶ ያን ግዙፍ ሰው በኮሌታው ጎተተና ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አንበረከከው። የዕድሜ ልክ ሥራው የሰው ፊት ነው፤ የዓይኑን ቆብ በጣቶቹ ከፍቶ ውሃውን ለቀቀበት።

«አረፋዬ፣ ሰዓቱን ያዢልኝ!»

ያን ጊዜ ነቃች።

ወንድሟ ታገለው፣ በክርኑ ደረቱን መታው፣ ሰደበው። ጸጉር አስተካካዩ አልለቀቀውም። የገዛ እጁ ቆዳ በኮስቲኩ ተልጦ ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቆይ እኔ ልያዘው።»

«አንቺ ሰዓቱን ብቻ።»

ሃያኛው ደቂቃ ላይ የጸጉር አስተካካዩ ከንፈር ነጣ። ግንባሩን ላብ ወረረው።

«ምን ሆንክ?»

«ጎኔን ትንሽ። ስንት ሆነ?»

«ሃያ ሁለት። ይበቃዋል፤ ተወው በቃ!»

«ራስሽ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

ሠላሳ ሲሞላ «ደረሰ» አለችው። ቧንቧውን ዘጋ። «እስቲ ትንሽ ልቀመጥ» ብሎ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። ሳሙናው መድረሱን ጠየቃት።

«ነገ» አለችው።

ሆስፒታል ሳይደርስ መኪና ውስጥ ሞተ። ሆዱ በደም ተሞልቶ ነበር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ወለሉ ላይ ከተበተኑት ሳሙናዎች ያልተረገጠ አንድ አንስታ አስከሬኑን ለሚያጥቡት ሰዎች ወስዳ ሰጠች። አላቃጠለም፤ ደርሶ ነበር።

ወንድሟ አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሁለቱም ዓይኖቹ ያያሉ።