ለጆሊን የተመረጠው ጠመንጃ

ኦርቫል ፔክ በረዶው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጊዜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ ከደረት አጥንቱ ጋር ተጋጭቶ እዚያው ቀርቷል።

የአውራጃው ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፍ ቨርን ሁልት፣ ዋዮሚንግ ተራሮች ውስጥ ወዳለው የኦርቫል የአደን ሰፈር ሲደርስ የጠበቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባሏ የሞተባት የኦርቫል ምራት ጆሊን፣ ሃያ ዓመት አዳኞችን የመራው ዳርል ሜከምና ወጥ ሠሪው አንሰል። በረዶው ላይ ከእነሱ ዱካ በቀር የሌላ ሰው ዱካ አልነበረም። ጠዋት ሦስቱም ለየብቻቸው ነበሩ።

ተኳሹ የተኛበትን ቦታ ሸሪፉ ማዶ ሸንተረሩ ላይ አገኘው። አምስት መቶ አርባ ሜትር ይርቃል። ቀለህ የለም፤ የተኳሹን የጫማ ቅርጽም ነፋስ አደብዝዞታል። ጥይቱ አዳኞች «ሦስት መቶ» የሚሉት ትልቁ ነው፤ ተጨማዷልና ከየትኛው አፈሙዝ እንደወጣ አይናገርም። ሰፈሩ ውስጥ «ሦስት መቶ» የሚተኩስ ጠመንጃ ያላቸው ዳርልና ጆሊን ናቸው። የአንሰል የድብ ማስፈራሪያ ጠመንጃ መቶ ሜትር አትሻገርም።

«ኦርቫል ሰፈሩን ለማን ሊያወርስ ነበር?» ሲል ሸሪፉ አንሰልን ጠየቀው።

«ለጆሊን። ባለፈው ፀደይ ነገረን። ዳርል ቃል አልተነፈሰም፤ ሥጋውን ብቻ በላ።»

«እሷ ገዳይ ተብላ ብትታሰርስ?»

«ለዳርል ይቀራላ! ኑዛዜው ላይ ከእሷ ቀጥሎ ያለው እሱ ነው።»

«ጠመንጃዋን ማን መረጠላት?»

«ዳርል ነዋ። ከዚያ ፀደይ በኋላ። እኔማ ስድስት ነጥብ አምስት የሚሉት ትንሹ ይበቃታል ብዬ ነበር፤ ትከሻ አይራገጥም። ለጀማሪ ሁሉ ራሱ ዳርል የሚመክረው እሱን ነው። ለእህቱ ልጅም እሱኑ ገዛላት፤ በአምስት መቶ ሜትር አጋዘን ጥላበታለች። ለጆሊን ሲሆን ግን ሦስት መቶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እኔን፣ ‹አንተ ወጥህን አማስል› ብሎ ዘጋኝ።»

ሸሪፉ ሦስቱንም ከሰፈሩ ጀርባ ሰበሰባቸው። የጆሊንን ጠመንጃ አጉርሶ ሰጣት።

«በሸንተረሩ ርቀት ያለውን ያንን ጥቁር ድንጋይ ምቺ።»

ጆሊን ጠመንጃውን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። «ብመታው ራሴን አሰርኩ ማለት አይደል? እርስዎስ ይህን አጥተውት ነው?»

«ብትስቺም ሆን ብለሽ ነው እንላለን» አለ ዳርል። «አትድከሚ።»

«ተኩሺ» አለ ሸሪፉ።

ተኮሰች። ሸለቆው አስተጋባ። በረዶው ከድንጋዩ ሃያ እርምጃ ወዲህ ቦነነ።

ዳርል ሳቀ። «አላልኩም? ልጅት ተዋናይ ናት!»

ሸሪፉ ጠመንጃውን ተቀበላት። ጀርባውን ሰጥቷቸው መዝጊያውን ከፈተ፤ ዘጋ።

«ድገሚ።»

ጆሊን ለመተኮስ በሆዷ ተኛች። ትከሻዋ ተኮማተረ፤ ዓይኗ ተጨፈነ፤ ቃታውን ሳበች። ቀጭ አለ። ጥይት አልነበረውም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዘቀጠ።

«ሆን ብሎ የሚስት ሰው ሌላ ቦታ አነጣጥሮ ይተኩሳል እንጂ አይደነብርም» አለ ሸሪፉ። «ባዶ መሆኑን አላወቀችም። ርግጫውን ፈርታ ገና ሳይተኩስ ትበረግጋለች። በዚህ እጅ ከሸንተረሩ ላይ ሰው ቀርቶ ጎተራ አትመታም። ሰፈሩ ውስጥ ‹ሦስት መቶ› የሚተኩሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እሷ ወጣች። የቀረው ያንተ ነው፣ ዳርል።»

«ምክር መስጠት ወንጀል ሆነ?»

«ለሰው ሁሉ ደህና መክረህ ለእሷ ብቻ ክፉ መከርህ። ሬሳው ውስጥ የሚገኘው ጥይት ከጠመንጃዋ ጋር እንዲገጥም ፈለግህ። ኦርቫል መቃብር፣ እሷ እስር ቤት፣ ሰፈሩ ላንተ። ግን የማትችለውን መረጥህላት፤ አለመቻሏ አዳናት።»

ዳርል የዛፍ ግንድ ላይ የተደገፈውን ጠመንጃውን በዓይኑ ፈለገ።

«የጠመንጃህ መዝጊያ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ሸሪፉ።

የዳርል ትከሻ ወረደ። «ኦርቫልም ጠይቆኝ ነበር። ‹ለልጅቷ አይበዛባትም ወይ?› አለኝ። ‹ትለምደዋለች› አልኩት። አመነኝ።»

ሸሪፉ እጁን አሰረው።

የሸሪፉ መኪና ከሸለቆው ሲወጣ አንሰል ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ነገ የሚመጡትን አዳኞች ተመለሱ ልበላቸው?»

ጆሊን ትከሻዋን እያሻሸች መንገዱን ተመለከተች።

«ይምጡ» አለች። «እኔ እመራቸዋለሁ። ጠመንጃ ግን አልይዝም።»