ከባሕር ስትወጣ ማንም አልጠራትም

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይሄን ማንም አልነገረኝም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። የማያምን ካለ አልጣላውም፤ እኔም ባላምን ደስ ይለኝ ነበር።

እሁድ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው አፓርታማዬ። ውጪው በረዶ ለብሷል፤ ፀሐይዋ ግን ዓይን ትወጋለች።

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር...

ወደዚያች እሁድ ከመሄዴ በፊት ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ።

ናፍያድ ወንጌላዊ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሴንት ፖል ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን እጅ ጭና፣ ጸልያ፣ ሚሽነሪ አድርጋ ላከችው። ሚስቱን ጃለኔንና ልጃቸውን ኢቢሴን ይዞ ህንድ ውቅያኖስ ዳር ወዳለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄደ። የመንደሯን ስም አልጽፍም። ሰዎቹ ምንም አላጠፉም።

ኢቢሴ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እዚሁ የተወለደች፣ በአማርኛ ብታናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ለፍላፊ ልጅ። እኔን "አንቲ ሜኪ" ነበር የምትለኝ። ስሜ መቅሊት ነው።

ባል ነበረኝ፤ ልጅ ግን አልወለድኩም። ለልጄ ያሰብኩት ስም ነበረኝ፤ ለማንም ሳልናገረው ቀረ። ያለችኝ ኢቢሴ ብቻ ነበረች።

ባለፈው ኅዳር ለእረፍት ተመልሰው እኔ ቤት አረፉ።

ኤርፖርት ላይ ገና ሳያት ሮጥኩ።

"ኢቢሴ! የኔ ማር!"

ዞር አላለችም።

እናቷ ትከሻዋን ይዛ ስታዞራት ነው ያየችኝ።

"እንደምን ሰነበቱ፣ አክስቴ?" አለችኝ... ጥርት ባለ አማርኛ።

እልል አልኩ! እውነቴን ነው፣ ሰው እየዞረ እስኪያየኝ ድረስ እልል አልኩ።

ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ሆነች። እኛ እኮ ልጆቻችን አማርኛ እምቢ ብለው ያቃጠሉን ሰዎች ነን። ፓስተሩ መድረክ ላይ አውጥቷት በአማርኛ ስትጸልይ እናቶች አለቀሱ። ናፍያድን ምን አድርገህ ነው እያሉ ወጥረው ያዙት።

አማርኛ የሚናገር ሰው በሌለበት መንደር ሦስት ዓመት ኖራ ከየት ተማረችው ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ...

ስሟን ስጠራ አትሰማም። "አንቺ" ስላት ትመጣለች። "ኢቢሴ" ስላት ግድግዳ የጠራሁ ያህል ነው።

ሹሩባዋ አይደርቅም። በፀጉር ማድረቂያ ስንቴ ለፋሁ! ጠዋት ትራሷ ርሶ ይገኛል።

ደግሞ ጨው።

ሚኒሶታ የሚኖር ያውቀዋል። በክረምት መንገዱ ሁሉ ጨው ይበተንበታል፤ በጫማ እየገባ ወለሉን ነጭ በነጭ ያደርገዋል። "ጫማችሁን በር ላይ!" እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ እወለውላለሁ።

አንድ ቀን መወልወያውን ይዤ ነጩን ምልክት ተከተልኩት።

ከውጪ በር አይነሳም። ከኢቢሴ አልጋ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል።

የጫማም አይደለም። የባዶ እግር ነው... ትንሽ የባዶ እግር።

ጃለኔን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት።

"ልጅቷ ምን ሆናለች?"

"ዝም በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ትሰማለች።"

እጄን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አወረደችኝ። የልብስ ማድረቂያውን፣ ድራየሩን፣ አስነሳችና ጩኸቱ ሲሸፍነን ጆሮዬ ስር ተጠጋች።

"ጄት ላግ ነው፣ ትለምዳለች እያልኩ ኢግኖር ሳደርገው ነበር። አይደለም ሜኪ።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"እዚያ ልማድ አላቸው። ባሕር የገባ ሰው ሲወጣ፣ ዳር ላይ የቆመ ሰው በስሙ ይጠራዋል። እሱም 'ወጥቻለሁ' ይላል። ሳይጠራ ወደ ቤት የሚሄድ የለም። ሕፃንም ቢሆን።"

"እሺ..."

"ልንመጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረን ናፍያድ ባሕሩ ውስጥ ሰዎች ሲያጠምቅ ኢቢሴ እኔም ብላ አለቀሰች። አንቺ የላክሽላትን ነጭ ቀሚስ እንደለበሰች አጠመቃት። የመንደሩ ሽማግሌ ሊጠራት ሲመጣ ግን ከለከለው። 'ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው፤ እኛን ከውሃ የሚያወጣን አንድ ስም ብቻ ነው' አለው።"

እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ያደግንበት ነው።

"እና? ወጣች አይደል?"

"ወጣች። እጇን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት። ሽማግሌው ግን አብሮን አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እየወጣ ወደ ባሕሩ ይጣራል።"

"ማንን?"

"ኢቢሴን... ሜኪ፣ ትመልስለታለች። አንድ ቀን ድምጿን ሰማሁት። ናፍያድ ነፋስ ነው አለኝ።"

ድራየሩ ቆመ።

ልጅቷ በሩ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። መቼ እንደወረደች አላየንም።

"እማዬ፣ ልብሱ ደርቋል" አለች።

በዚያው ሳምንት ጃለኔ ብቻዋን ወደዚያች የባሕር ዳር መንደር ተመለሰች። ናፍያድ ሊያስቀራት ለምኖ ሲያቅተው ጾም ያዘ። ልጅቷ ላይ እጁን ጭኖ ድምፁ እስኪዘጋ ጸለየ። እሷም በየቦታው "አሜን" ትላለች። አንዳንዴ እሱ ሳይጨርስ...

እንግዲህ ያቺ እሁድ ደረሰች።

እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ፀሐይ ትጠልቃለች። እኔና ናፍያድ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመን ተቀመጥን። ልጅቷ ከኋላችን ሶፋው ላይ ነበረች።

ቪዲዮው ይቆራረጣል። ባሕሩ ቀልቷል። ስልኩን ሌላ ሰው ይዞላት ጃለኔ ውሃው ዳር ቆማለች፤ ሽማግሌው ከጎኗ አለ።

"ኢቢሴ!" ብላ ጮኸች።

ከማዕበሉ በቀር ምንም የለም።

"ኢቢሴ! ልጄ! ነይ ውጪ!"

ከኋላዬ ሹክሹክታ መጣ።

"አክስቴ... ስልኩን ይዝጉት።"

ናፍያድ እጄን ጨመቀው። ሁለታችንም አልዞርንም።

"አክስቴ... እባክዎ።"

ስክሪኑ ላይ፣ ከማዕበሉ መሃል አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ወጣች። ከዚያ ትከሻ። ከዚያ ነጭ ቀሚስ... እኔ ለልደቷ ብዬ ከዚህ ገዝቼ የላክሁት፣ የተጠመቀችበት ቀሚስ።

"ማሚ! አይ ኣም አውት!"

ጃለኔ እየጮኸች ውሃው ውስጥ ገባችና አቀፈቻት። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ ስልኩ አየች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ትንቀጠቀጣለች፣ ትስቃለች።

"አንቲ ሜኪ! ኢትስ ሶ ኮልድ!"

ያ የኔ ልጅ ድምፅ ነው። በሺህ ልጆች መሃል እለየዋለሁ።

ናፍያድ ወለሉ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ጌታን አመሰገንኩ።

ከዚያ ቀስ ብለን... ወደ ሶፋው ዞርን።

ቁጭ ብላለች። አልተቆጣችም። ከእጅጌዋ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

ናፍያድ በማግስቱ ትኬት ቆረጠ። የኢቢሴን ፓስፖርት ከመሳቢያ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ቆሜ ያዝኩት።

"ልጄ እዚያ ናት ሜኪ።"

"ይቺስ?"

"ምን ላድርግ? ኢቢሴ ወዳለችበት ይዣት ልሂድ? አይ ካንት።"

"እኔስ? እኔ ምን ልሁን?"

ሻንጣውን አነሳ።

"ጸልዪ" አለኝና ወጣ።

ጸልዪ! ያጠመቀው እሱ፣ ያልተጠራችውን ልጅ ያመጣብኝ እሱ፣ ጸሎቱ ለእኔ! እንደዚያ ቀን ወንድሜን ጠልቼው አላውቅም።

ፖሊስ ጋ ደውዬ ምን ልበል? ልጅ ጠፋች ልበል? አልጠፋችም። ልጅ አገኘሁ ልበል? የማን ልጅ? ጃለኔ ፎቶ ትልክልኛለች፤ ኢቢሴ ስትስቅ፣ ኢቢሴ ማንጎ ስትበላ። ይቺን በተመለከተ ስጠይቃት ግን አትመልስም።

ወደ ሥራ ስሄድ መስኮቱ ጋ እተዋታለሁ። ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። እህል አትቀምስም። አትነካኝም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሮጥ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ተናገረች። ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር።

"እሷን እናቷ ጠራቻት።"

"አዎ" አልኩ።

"እኔንስ ማን ይጠራኛል?"

ከፍርሃቱ ይልቅ ማሳዘኗ ነው የገደለኝ።

"ስምሽ... ስምሽ ማን ነው?"

ጣቷን አንስታ መስታወቱ ላይ ቀስ እያለች ጻፈች። ውሃው ወዲያው ደረቀ። ፊደሎቹ በነጭ ጨው ቀሩ።

ለልጄ ያሰብኩት ስም ነው። ለባሌ እንኳ ሳልነግረው በውስጤ የሞተው ስም።

እዚህ አልጽፈውም። አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ብታነቡትስ?

አሁንም ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ፀሐይዋ በጨው ፊደሎቹ መሃል አልፋ ወለሌ ላይ አርፋለች። እግሯ ስር ያለው ውሃ እየሰፋ ጫማዬን ነክቶታል... ሞቃት ነው።

እየጠበቀችኝ ነው።

አፌን በእጄ ይዣለሁ...