ከማጉረምረም መብት ጋር

ኤርሚኒያ ለቀረበላት ሁሉ «ጥሩ ነው» ማለት የጀመረችው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ሾርባው ጥሩ ነው። ትራሱ ጥሩ ነው። ዝናቡም ጥሩ ነው። ልጇ ኦሪዬታ ደስ አላት፤ «እማዬ በስተርጅና ጠባይዋ ሸጋ ሆነ» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ባሏ ጆባታ ግን እንቅልፍ አጣ።

ይህችን ሴት ካወቃት ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድም ቀን ሾርባ አመስግና አታውቅም።

የተገናኙትም በሾርባ ነው። ያኔ ጆባታ እዚሁ ጄኖቫ ወደብ ላይ የመርከብ ቀለም ቀቢ ነበር። በገመድ ተንጠልጥሎ የነጫጭ መርከቦችን ጎን እየቀባ፣ ከላይ ተጋድመው ፀሐይ የሚሞቁትን መንገደኞች በብሩሹ ይጠቁምና «አንድ ቀን እኔም እዚያ እጋደማለሁ» ይላል። ጓደኞቹ ይስቁበታል። ሁለት ዓመት አጠራቅሞ በመስከረም የስምንት ቀን የሽርሽር ቲኬት ቆረጠ። ኤርሚኒያ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነች፤ እሷ የመጣችው ከአክስቷ ጋር ነው።

ምሳ ላይ አንድ ጠረጴዛ ደረሳቸው። ሌላው ሰው በጨዋ ደንብ ፈገግ እያለ ይበላል። ኤርሚኒያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ይሄ ሾርባ የእግር ውሃ ነው።»

አክስቷ በክርኗ ጎሰመቻት። ጆባታ ቀመሰ፤ ትንሽ አሰበበት።

«እግሩም ንጹሕ አልነበረም» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ያን አስተያየቷን ሲያነሳ እስከ ዛሬ ድምፁ ይለሰልሳል።

ስምንቱን ቀን የመርከቡን አጥር ተደግፈው አጉረመረሙ። ሙዚቀኞቹን አሙ፣ ትራሱን አሙ፤ የቬዙቪዮን ተራራ ሳይቀር በፖስት ካርድ ላይ ካዩት አሳንሰው አገኙት። እኛ ጄኖቫዎች ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፤ ሙጉኞ እንለዋለን። የጥንት መርከበኞቻችን ሲቀጠሩ ሁለት ዓይነት ውል ይቀርብላቸው ነበር ይባላል፦ አፍን ዘግቶ በደህና ደመወዝ፣ ወይም ከማጉረምረም መብት ጋር በትንሽ ደመወዝ። ሁሉም ትንሹን መረጡ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ የወደባችን መብራት ቤት ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ጆባታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታገቢኛለሽ?»

«ከማጉረምረም ጋር ነው ወይስ ያለ ማጉረምረም?»

«ከማጉረምረም ጋር። ደመወዙ ግን ትንሽ ነው።»

«እሱን እንኳ አባቴ ይነግርሃል።»

አባቷ ነገረው። «ዝገት ፋቂ ለኔ ልጅ!» ብሎ በሩን ዘጋበት። ኤርሚኒያ በዚያው በር አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ሠርጋቸው ላይ ሰባት ሰው ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ወደብ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ነው። ሌላው መኪና ሲገዛ እነሱ መርከብ ተሳፈሩ። ሥራው ቆሞ ጆባታ ቤት በዋለበት ዓመት እንኳ፣ መስኮት በሌለው የመጨረሻ ርካሽ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሄደው መጡ። መርከቡ ወደቡን ሲለቅ ፊታቸውን የጓርዲያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ወዳለችበት ተራራ አዙረው ያማትባሉ። ጸሎታቸው አጭር ነበር፤ ማጉረምረማቸው ረጅም።

ባለፈው የብርድ ወራት፣ ኤርሚኒያ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሳንባዋም ታመመ። ሁለት ወር ተኝታ በተሽከርካሪ ወንበር ስትመለስ ኦሪዬታ ሁሉን ጨርሳ ጠበቀቻት።

«ሚላን እኔ ቤት ክፍል አዘጋጅቼላችኋለሁ። በመስከረም ትገባላችሁ። ከእንግዲህ መርከብ የሚባል ነገር የለም፣ እማዬ።»

«ጥሩ ነው» አለች ኤርሚኒያ።

ጆባታ በነጋታው ወጥቶ የመርከብ ቲኬት ቆርጦ መጣ። ኦሪዬታ ሚላን ሆና ሰማችና ደወለች።

«አባዬ፣ አብደሃል? እዚያ ባሕር መሃል ብትሞትብህስ?»

«እዚህ ቁጭ ብላ እየሞተች አይደል? ጥሩ ነው አለችሽ እኮ! አልሰማሽም?»

«ተረጋግታለች፤ ምን አጠፋች?»

«ልጄ፣ የጄኖቫ ሴት የምትረጋጋው ስትገነዝ ብቻ ነው።»

ኦሪዬታ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። በጉዞው ዕለት ጠዋት ግን በባቡር መጥታ ወደቡ አዳራሽ ውስጥ ሰልፍ ላይ አገኘቻቸው። ፊት ለፊት ቆማ የወንበሩን ሁለት ክንድ ያዘች።

«እማዬ፣ አንቺው ራስሽ ንገሪው። ትሄጃለሽ ወይስ ከኔ ጋር ትመጫለሽ?»

ጆባታ እጁን ከመግፊያው ላይ አነሳ። አሁንም «ጥሩ ነው» ካለች አለቀ፤ ሚላን ትገባለች፣ እዚያም በየቀኑ ጥሩ ነው እያለች ታልቃለች።

ኤርሚኒያ የልጇን ፊት አየች። የባሏን አየች። ከዚያ በመስታወቱ በኩል አሻግራ መርከቡን አየች፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራርቦ አናቱ ላይ ቀይና ቢጫ የውሃ ሸርተቴ ተጠምጥሞበታል።

«ይሄ ነው መርከቡ?»

«እሱ ነው» አለ ጆባታ።

«ይሄማ ኮንዶሚኒየም ነው! ሸርተቴ የሰቀሉበት ኮንዶሚኒየም! ማነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ።» እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገውም።

«ድሮም ምርጫ አታውቅም። አንቺ ደግሞ እጅሽን ከወንበሬ ላይ አንሺ።»

«እማዬ፣ እኔኮ ፈርቼ ነው...»

«እኔም ፈርቻለሁ። እግዜር ሲፈልገኝ ባሕር ላይም ያገኘኛል፤ ሚላን ሄጄ ተሰልፌ አልጠብቀውም። በይ፣ ወይ ግፊኝ ወይ ዞር በይ።»

ኦሪዬታ እጇን ለረጅም ጊዜ አላነሳችም። ከዚያ ዞረች፤ ከወንበሩ ኋላ ሆና እያለቀሰች እስከ መሳፈሪያው በር ገፋቻት። በሩ ላይ እናቷ ጎንበስ አድርጋ ሳመቻት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቁርስ በልተው ሲወጡ፣ ኤርሚኒያ የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ወደሚሸጥበት ጠረጴዛ ውሰደኝ አለችው። ወጣቷ ሠራተኛ ወንበሩን አየች፣ ሽበታቸውን አየች፣ ፈገግ አለች።

«ለመስከረም ነው የሚፈልጉት?»

«ለግንቦት። መስከረም ሩቅ ነው።»

ጆባታ ትከሻዋ ላይ እጁን ጣል አደረገ። እሷም ጉንጯን አስጠጋችለት።

«እሺ፣ ሁለት ሰው። ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር የምንጠራው የቅርብ ዘመድ አለ?»

«ልጄ አለች። ኦሪዬታ።»

«ስልክ ቁጥሯን ይነግሩኛል?»

ኤርሚኒያ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች። ባሕሩ ዝም ብሏል።

«ስልክ ምን ያደርጋል?» አለች። «ለሷም አልጋ ጨምሪ።»