የአረንጓዴው ቁጥር ሟች

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኩላሊት ሕመምተኛው አቶ ዱባለ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። መድኃኒቱን የሰጠቻቸው ነርስ ትርፌ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ኮምፒዩተሩ ያለኝን መጠን ነው የሰጠሁት» አለች ለኢንስፔክተር ማኅሌት። «ከታሰርኩ ልጄን ማን ያጠባታል?»

«ሁልጊዜ እሱ ያለሽን ነው የምትሰጪው?»

«አዎ። ለአቶ ሀብታሙ እናት ብቻ መጠኑን በእጄ አሰላላቸዋለሁ። እሳቸውም ኩላሊት ያማቸዋል። ‹እማዬ ማሽን አትወድም› ብለው አቶ ሀብታሙ ለመኑኝ። ደግ ሰው ናቸው።»

ሀብታሙ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ሶፍትዌር የሠራው ድርጅት ኃላፊ ነው። ከፕሮግራመሯ ከብሩክታይት ጋር ተጠርቶ መጣ፤ ላፕቶፑንም ከፍቶ አረንጓዴ ቁጥር አሳየ።

«የሙከራ ሽፋኑ መቶ በመቶ ነው። ያልተፈተሸ የፕሮግራሙ መስመር የለም። ነርሷን ይጠይቋት።»

ማኅሌት ወደ ብሩክታይት ዞረች። «መቶ በመቶ ምን ማለት ነው?»

«በሙከራው ጊዜ ሁሉም መስመር ሠርቷል ማለት ነው።»

«በትክክል?»

ብሩክታይት ሀብታሙን አየችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

«እንግዲያው ስሌቱን አበላሺው። መጠኑን በዐሥር አባዢና ሙከራውን አስኪጂ።»

«ፖሊስም ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ?» አለ ሀብታሙ።

ብሩክታይት አስኬደችው። ቁጥሩ አሁንም መቶ፣ አሁንም አረንጓዴ ነበር። ማኅሌት ከብሩክታይት ጋር በሹክሹክታ ተነጋገረች፤ ብሩክታይት የሆነ ነገር ጽፋ ስትጨርስም ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰበሰበች።

«ይህ ሙከራ በየዴስኩ ዞሮ አንድም መልስ ሳያርም እንደሚወጣ ፈታኝ ነው» አለች። «መልሱን የሚያመሳክሩ ትእዛዞች ነበሩ፤ አንድ ሰው አወጣቸው።»

«እኔ ጽፌያቸው ነበር» አለች ብሩክታይት። «ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ጠፍተው አገኘኋቸው። ብጠይቅ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«አሁን ስትመልሻቸው ምን ሆነ?»

«አንዱ ቀይ ሆነ፤ ስህተት አለ ማለት ነው። የኩላሊት ሕመምተኞቹ ስሌት።»

«ያወጣቸው ሰው ይህን ቀይ አይቷል። አቶ ሀብታሙ፣ ስህተቱን ካላወቁ የእናትዎ መጠን ለምን በእጅ ተሰላ?»

ሀብታሙ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሶፍትዌሩን የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ነበር» አለ። «በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።»

ማኅሌት ትርፌን «ወደ ልጅሽ ሂጂ» አለቻት። ትርፌ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «በዴሳ ከተማ ያለው ክሊኒክም በዚሁ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው» ብላ ስልኳን አወጣች። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«አቤት» አለች የበዴሳዋ ነርስ።

«የኩላሊት ሕመምተኛ አለሽ?»

«አለ። መርፌውን ልወጋው ነው፤ ቆይተሽ ደውዪ።»

«እህቴ፣ መርፌውን አስቀምጪው።»